የጎንደር መንገዶች ምልልስ፤ በግምት የተጻፉ ቁጥሮች እንዴት ይነበባሉ?

ሀ. የጥናቱ ዓላማ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አዘዞን አልፎ፥ የመገጭን ወንዝ ተሻግሮ ፀዳ ይደርሳል። ከፀዳ በኋላ መንገዱ በማክሰኝትና በእንፍራዝ አድርጎ ወደ ይፋግ፥ ከዚያም ከጣና በስተ ምሥራቅ ባለው አገር አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ዛሬ አስፋልት የለበሰው ይህ አቅጣጫ አውቶሞቢል ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ዘመናትም ጎንደርን ከበጌምድር ገበያዎች፥ ከጎጃምና ከዓባይ ማዶ አገሮች ጋር የሚያገናኝ የሲራራ ነጋዴዎች መሄጃ ነበረ። እንግዲህ ፀዳ የጎንደር የደቡብ በር ናት ማለት ይቻላል።

በበር የቆመ ሰው የሚገባውንና የሚወጣውን ለመቍጠር ይመቸዋል። ነገር ግን «በዚህ በር በዓመት ስንት ጭነት፥ ስንት አጋሰስ፥ ስንት ሰው ያልፍ ነበር?» ብሎ ለሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ የሚቀርብለት መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቍጥር አይደለም። «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ግምት ነው፤ አለዚያም ሁለት ጸሐፊዎች ስለ አንድ ነገር የጻፏቸው፥ አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ የሚሆን፥ ሁለት ቍጥሮች ናቸው። በዚህ ጊዜ ተማሪው ከሁለት አንዱን ለማድረግ ይፈተናል። ወይ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት በማካፈል መካከለኛውን ይጽፋል፤ ወይ ለሐሳቡ የሚስማማውን ጫፍ መርጦ ሌላውን ይተወዋል። ሁለቱም መንገዶች ወደ እውነት አያደርሱም።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ አዲስ ቍጥር ማውጣት አይደለም። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለው ርቀት ራሱ እንደ ማንኛውም የታሪክ ማስረጃ የሚመረመር መሆኑን ማሳየት ነው። ርቀቱ ገማቹ ምን እንዳየ፥ ምን እንደ ሰማ፥ በየት ቦታና በየትኛው ወቅት እንደ ቆመ ይናገራል። ይህን ሳይመረምር ቍጥሩን ብቻ የሚወስድ ሰው ከማስረጃው ዋናውን ክፍል ይጥላል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የሌለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። የሁለቱ አቈጣጠር ልዩነት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለ ሆነ፥ በሰላም ዘመን የተሰጠን ግምት በጦርነት ዘመን እንደ ተሰጠ አድርጎ ሊያስነብብ ይችላልና።

ለ. መንገዶቹና ኬላዎቹ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲለደስ ከተቈረቈረች በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የብዙ መንገዶች መገናኛ ሆና ቆየች። አንደኛው መንገድ ወደ ሰሜን በወገራ አድርጎ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ ምዕራብ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፥ ከዚያም ወደ ስናር አገር ይሄዳል። ሦስተኛው የፀዳው መንገድ ነው፤ በይፋግ አልፎ ወደ ጎጃምና ወደ ባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ዓባይን ተሻግሮ በጉድሩ በኩል እስከ እናርያ ይዘልቃል።

እነዚህ መንገዶች እርስ በርሳቸው እንደ መረብ የተያያዙ ነበሩ። ከአፋር በረሃ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው በትግራይ በኩል ገብቶ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ቡና፥ ዝባድ፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ሰም ከደቡብ መጥተው ወደ ባሕርና ወደ ሱዳን ይወጣሉ። ከዕቃው ጋር፥ እንደ ዕቃም ተቈጥረው፥ ለባርነት የሚሸጡ ሰዎች በእነዚሁ መንገዶች ይነዱ ነበር። ስለ እነርሱ ወደ ታች ራሱን በቻለ ክፍል እንመለስበታለን።

ነጋዴው ሽፍታን ስለሚፈራ ብቻውን አይጓዝም። ሲራራው ተሰብስቦና ተጠባብቆ ይነሣል፤ በየኬላውም ቀረጥ ይከፍላል። ስለዚህ ከባቡርና ከመኪና ዘመን በፊት በመንገድ የሚያልፈውን ነገር ለመቍጠር ምክንያት የነበረው ሰው የኬላው በረኛ ነው። ነገር ግን በረኛው የሚቈጥረው ቀረጥ ለመቀበል እንጂ ታሪክ ለመጻፍ አልነበረም። ከዚህም የተነሣ በኬላ ቍጥር ላይ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

አንደኛ፥ ቀረጥ የማይከፍል ጭነት አይቈጠርም። ለቤተ መንግሥት ወይም ለባለ ሥልጣን የሚሄደው ጭነት በመንገድ ላይ ቢያልፍም በበረኛው አሳብ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ሁለተኛ፥ በኬላው ሳይሆን በዱር መንገድ ዞሮ የሚያልፍ ነጋዴ ሁልጊዜ አለ፤ ቀረጡ በከበደ መጠንም ይበዛል። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ኬላ የተገኘ ቍጥር የምልልሱ ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም። ሦስተኛው ግን በተቃራኒው ይሠራል። አንድ ሲራራ ከጎጃም ተነሥቶ እስከ መተማ ሲሄድ በይፋግ፥ በጎንደርና በጭልጋ ቢቈጠር፥ የየኬላዎቹን ቍጥር የሚደምር ጸሐፊ አንዱን ሲራራ ሦስት አድርጎ ይጽፈዋል። እንግዲህ የአንድ ኬላ ቍጥር ሲያሳንስ፥ የብዙ ኬላዎች ድምር ደግሞ ያበዛል። ዝቅተኛውን ግምት የጻፈው ሰው በአንድ በር የቆመ፥ ከፍተኛውን የጻፈው ደግሞ የብዙ በሮችን ወሬ የደመረ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ሳይዋሹ ሊለያዩ ይችላሉ ማለት ነው።

ሐ. መለኪያው ምንድን ነው?

ግምት ሲነበብ በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት?» ሳይሆን «የምን ስንት?» ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፈረንሳዩ ሐኪም ሻርል ፖንሴ ነው። ፖንሴ በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን በ1699 ጎንደር ገብቶ በ1700 ተመለሰ። የከተማዪቱን ዙሪያ ሦስት ወይም አራት ሊግ ያህል ነው ብሎ ጽፏል። ይህ «ሦስት ወይም አራት» የሚለው ግምት ለዓይን ጠባብ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሊግ የሚባለው መለኪያ እንደየአገሩና እንደየሥራው ይለያይ ነበር፤ አጭሩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ፥ የባሕር ሊግ ከ5 ኪሎ ሜትር ተኩል ይበልጣል። ትንሹን ቍጥር በትንሹ መለኪያ ብናበዛው 12 ኪሎ ሜትር፥ ትልቁን በትልቁ ብናበዛው ደግሞ 22 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። ጸሐፊው የገለጸው ልዩነት የአንድ ሊግ ነው፤ በመለኪያው ውስጥ ተሰውሮ የቀረው ልዩነት ግን ከዚያ ይበልጣል።

በንግድ መንገድ ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው። «አንድ ጭነት» ሲባል የበቅሎ ጭነት፥ የአህያ ጭነትና የሰው ሸክም እኩል አይደሉም። በቈላው በረሃ የሚሄደው የግመል ጭነትም ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል። መተማ ላይ በግመል ተጭኖ የታየ ዕቃ ወደ ደጋው ሲወጣ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራልና፥ ዕቃው ሳይጨምር «ጭነቱ» በቍጥር ይበዛል። አሞሌም ቢሆን ከተቈረጠበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ዋጋው ስለሚጨምር፥ በአንድ ጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ በሰሜን ብዙ፥ በደቡብ ጥቂት ነበር። ንግዱን በብር የገመተና በአሞሌ የገመተ ሁለት ሰዎች ቢለያዩ የሚያስገርም አይደለም።

መ. በምን ጊዜ፥ በምን ሁኔታ?

ስለ ጎንደር ከተጻፉት ግምቶች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የስኮትላንዳዊው የጄምስ ብሩስ ግምት ነው። ብሩስ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገብቶ በዲሴምበር 1771 ወጣ። በ1790 በታተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ከተማዪቱ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 የሚጠጉ ቤተ ሰቦች እንዳሏት ገልጿል። ይህ አንድ ቍጥር ነው፤ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ነገር የለበትም። ይሁን እንጂ ቤተ ሰቡን በ4 የሚያበዛ አንባቢ 40,000 ሰው፥ በ5 የሚያበዛ 50,000፥ አገልጋዩንና ጥገኛውን ጨምሮ በ7 የሚያበዛ ደግሞ 70,000 ያገኛል። እነዚህ ሦስቱ ቍጥሮች የአንባቢዎቹ ናቸው እንጂ የብሩስ አይደሉም። በብሩስ ስም ሲጠቀሱ ግን አንባቢው ያበዛበት ቍጥር ይረሳል።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነው በሰላም ጊዜ የሚለው ሁኔታ መጣሉ ነው። ብሩስ በጎንደር በቆየበት ጊዜ አገሪቱ በራስ ሚካኤል ስሑልና በተቃዋሚዎቻቸው መካከል በነበረው ጦርነት ትናወጥ ነበር። በሜይ 1771 ከጎንደር በስተ ደቡብ በሰርባኩሳ የተደረጉት ውጊያዎች የራስ ሚካኤልን ሥልጣን አበቁ። ሠራዊት ሲወጣ ከተማ ይጎድላል፤ ሠራዊት ሲገባ ይሞላል። እንግዲህ ብሩስ የሰጠው ቍጥር በዓይኑ ያየውን ቀን ሳይሆን፥ ሰላም ቢሆን ኖሮ ሊሆን የሚችለውን ነው። ይህን ያልተረዳ አንባቢ የብሩስን ቍጥር ከዘመነ መሳፍንት በኋላ ከተጻፉት አነስተኛ ግምቶች ጋር አስተያይቶ «ከተማዪቱ በዚህን ያህል ቀነሰች» ቢል፥ የሰላምን ሙላት ከጦርነት ጉድለት ጋር ማነጻጸሩ ነው። ጎንደር መድከሟ እውነት ነው፤ በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፥ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በመሐዲስቶች መቃጠሏም የታወቀ ነው። የድካሟን ልክ ግን በሁለት የማይመሳሰሉ ቍጥሮች መቀናነስ ማግኘት አይቻልም።

በአንድ ዓመት ውስጥም የወቅቱ ለውጥ ከፍ ያለ ነው። በክረምት ተከዜና ዓባይ ስለሚሞሉ፥ የመተማም ቈላ በንዳድ ስለሚያስፈራ፥ ሲራራው ይቆማል። መንገዱ የሚከፈተው ከመስከረም ወዲያ ውኃው ሲጎድል ነው። ነገሥታቱ ደግሞ በበጋ ዘምተው ክረምቱን በከተማ ይከርሙ ነበር። ስለዚህ ከተማዪቱ በቤተ መንግሥት ሰዎችና በወታደር የምትሞላበት ወራትና መንገዱ በነጋዴ የሚሞላበት ወራት አንድ አይደሉም። በሐምሌ የከተማዪቱን ሙላት ያየ ሰው ስለ መንገዱ፥ በጥር የመንገዱን ሙላት ያየ ሰው ስለ ከተማዪቱ ቢፈርድ ሁለቱም ይሳሳታሉ። በሳምንት ውስጥም ቢሆን የቅዳሜ ገበያ ዋዜማና ማክሰኞ ቀን በፀዳ በኩል የሚታየው ምልልስ እኩል ሊሆን አይችልም።

ሠ. ከጥቂቱ ብዙውን መገመት

የውጭ አገር መንገደኞች በዓመት የሚያልፈውን ሲራራ ሁሉ ቆመው አልቈጠሩም። ጥቂቱን አይተው፥ የቀረውን ከነጋዴዎች ጠይቀው ገመቱ። ከጥቂቱ ብዙውን መገመት በራሱ ነውር የለውም። ዛሬ በሠለጠኑት መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበትም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የስሕተቱን ልክ ማወቃቸው ላይ ነው።

በአገራችን የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገድ የሚሠራውና የሚጠገነው በቈጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው። በእንግሊዝ አገር የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ በ1993 ለሞቃት አገሮች ያወጣው መመሪያ የቈጠራውን ሥርዐት ይገልጻል። ተሽከርካሪዎች ለሰባት ተከታታይ ቀናት ይቈጠራሉ፤ በአንዳንዱ ቀን ሙሉውን 24 ሰዓት፥ በሌላው 16 ሰዓት ተቈጥሮ የቀረው በስሌት ይሞላል። ሳምንቱ ከነሰንበቱ እንዲቈጠር የሚፈለገው ምልልሱ ከቀን ቀን እጅግ ስለሚለያይ ነው። እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ቀን በጨመረ ቍጥር ስሕተቱ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ከሳምንት በላይ ሲሆን ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ወር ሙሉ ባንድ ወቅት ከመቍጠርም፥ ያንኑ ያህል ጊዜ ከፋፍሎ በልዩ ልዩ ወራት መቍጠር ይሻላል። በቀን ከ1,000 ተሽከርካሪ በታች በሚያልፍበት መንገድ ላይ ደግሞ የቀን ለቀን ልዩነቱ ከፍ ያለ ነው። ከዚህ የምንማረው ምልልሱ ባነሰ መጠን ግምቱ ይበልጥ የሚዋዥቅ መሆኑን ነው። የቀድሞዎቹ የሲራራ መንገዶች ከዛሬው የመኪና መንገድ ጋር ሲነጻጸሩ ምልልሳቸው አነስተኛ ነበረና፥ በአንድ ሳምንት እይታ የተጻፈ ግምት ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል አንባቢ ያመዛዝን።

በቴሌኮሙኒኬሽንና በኢንተርኔት መረብ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር በቍጥር ለክተውታል። በመረቡ የሚያልፈው መልእክት እየተከፋፈለ በትንንሽ እሽግ ይጓዛል፤ እሽጉ ፓኬት ይባላል። ፓኬቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ሁሉን መመርመር ያዳግታል። ስለዚህ ከሺሕ አንድ ያህል በዕጣ ይወሰዳል፤ የተገኘው በሺሕ ይበዛል። የስሕተቱን ልክ ለማወቅ 196ን በእጅ ለገባው ናሙና ብዛት ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ከመቶ የሚታሰብ ስሕተት ሲሆን፥ ከ20 ጊዜ 19 ጊዜ እውነተኛው ቍጥር ከዚህ ወሰን አይወጣም። 10,000 ናሙና የያዘ ሰው ስሕተቱ ከመቶ 2 ያህል ነው። 100 የያዘ ከመቶ 20 ያህል ይሳሳታል። 4 ብቻ የያዘ ግን ስሕተቱ ከመቶ 98 ይደርሳል፤ ይኸውም እውነቱ ከምንም አንሥቶ እስከ ሁለት እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር ከጠቅላላው ምን ያህል እጅ ታየ የሚለው ሳይሆን፥ በእርግጥ የታየው ስንት ነው የሚለው መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ሕግ ወደ ሲራራው ስንመልሰው ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንደኛው፥ በቅሎዎች እያንዳንዳቸው በዕጣ አይመጡም፤ በሲራራ ተሰብስበው ይመጣሉ። አራት ሲራራ ያየ መንገደኛ በውስጣቸው 1,000 በቅሎ ቢቈጥርም፥ የያዘው ናሙና 4 ነው እንጂ 1,000 አይደለም። ሁለተኛው፥ መንገደኛው ራሱ ለደኅንነቱ ሲል ከሲራራ ጋር፥ መንገዱም በተከፈተበት ወቅት ይጓዛል። ስለዚህ የሚያየው መንገዱ ሲሞላ ነው፤ ባዶ በሆነበት ጊዜ እርሱም የለም። እንዲህ ያለው ስሕተት ናሙና በመጨመር አይድንም፤ ግምቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል።

ወደ አንድ ወገን የሚስቡ ሌሎችም ነገሮች አሉ። ነጋዴ በኬላ ፊት ሲጠየቅ ጭነቱን ያሳንሳል። አገሩ የንግድ ውል እንዲዋዋል የሚፈልግ ቈንሲል የንግዱን ብዛት ከፍ አድርጎ ለመንግሥቱ የመጻፍ ፈተና አለበት። ስለዚህ የግምቱን ስፋት ብቻ ሳይሆን፥ ገማቹ ወደየትኛው ጫፍ የሚያዘነብልበት ምክንያት እንደ ነበረው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ረ. ቍጥሩ ሰው ሲሆን

እስከ አሁን ስለ በቅሎና ስለ አሞሌ ተናገርን። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን በእነዚህ መንገዶች ተሸጠው ስላለፉ ሰዎች ሲጻፍ ነው። ከዓባይ ማዶ አገሮች የተያዙ ሰዎች በጎጃም ገበያዎች አልፈው ወደ ጎንደር ይመጡ፥ ከዚያም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ ይወሰዱ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ንግድ ከለከሉ፤ ንግዱ ግን ከእርሳቸው በኋላም ቀጠለ። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የወጡትን ሰዎች ብዛት በተመለከተ ሁለት የታወቁ ግምቶች አሉ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1964 ባሳተሙት ጥናት የመንገደኞችንና የቈንሲሎችን ጽሑፍ አሰባስበው በዓመት ወደ 25,000 የሚጠጋ ግምት ላይ ደረሱ። ይህ በ50 ዓመት 1,250,000 ሰው ይሆናል። ራልፍ ኦስተን ደግሞ በ1988 ባሳተሙት ጥናት በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በኩል በ19ኛው መቶ ዓመት ያለፉትን በጠቅላላው 492,000 አድርሰዋቸዋል፤ ይህም በዓመት 5,000 ያህል ማለት ነው። አንዱ የሌላው አምስት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ መካከለኛውን የሚወስድ ሰው 15,000 ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ይህ 15,000 የማንኛውም ነገር ቍጥር አይደለም፤ ሁለቱ ጸሐፊዎች የገመቱት አንድ ነገር አይደለምና። የኦስተን ድምር የባሕር ዳርቻው ነው፤ በመተማ በኩል በየብስ ወደ ሱዳን የተነዱትን አያጠቃልልም። ከየገበያው የተሰበሰበው ግምት በበኩሉ የየብሱን መንገድ ይጨምራል፤ ነገር ግን ስለ ኬላ እንደ ተናገርነው አንድን ሰው በጎንደር፥ በመተማና በወደብ ደጋግሞ የመቍጠር አደጋ አለበት። ደግሞም ገበያው በደመቀበት ዓመት የተሰጠ ቍጥር ለዓመታት ሁሉ ከተበዛ ድምሩ ያብጣል። በሌላ ወገን በመንገድ የሞቱትና እዚሁ አገር ውስጥ ተገዝተው የቀሩት በባሕር ዳርቻው ቍጥር ውስጥ ፈጽሞ የሉም። እንግዲህ ዝቅተኛው ቍጥር ስለ ባሕሩ ይበልጥ ይነግረናል፤ ከፍተኛው ስለ መላው መረብ ሊነግረን ይሞክራል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ጥያቄ ሲነበብ ይጠቅማል።

ይህ ክርክር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ትንሹን ቍጥር የሚመርጥ ሰው በደሉን ሊያቃልልበት ይችላል፤ ትልቁን የሚመርጥም አንድን ወገን ለመክሰስ ሊጠቀምበት ይችላል። ሁለቱም የሞቱትን አያከብሩም። አንዲት ልጅ ከቤቷ ተነጥቃ በዚህ መንገድ ስትነዳ በደሉ ሙሉ ነበር፤ ሙሉ ለመሆን የሌሎች ሺሖች ድምር አያስፈልገውም። የታሪክ ተማሪ ዕዳ እርሷን አንድ ጊዜ መቍጠር ነው፤ መተውም፥ ሦስት ጊዜ መቍጠርም አይገባውም።

ሰ. ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው የሚከተሉትን ለመደምደም ይቻላል።

በመጀመሪያ፥ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ የጻፈ ሰው የማያውቀውን ወሰን ስለ ገለጸ ይበልጥ ሊታመን ይገባዋል እንጂ እንደ ሰነፍ ሊቈጠር አይገባም። አንድ ቍጥር ብቻ የሰጠ ሰው ወሰኑን ደብቆታል፤ ወይም አላሰበበትም። ሁለተኛ፥ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ጫፍ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። ዝቅተኛው ብዙውን ጊዜ በታየው ነገር ላይ ይቆማል፤ ከፍተኛው ግን ስላልታየው በሚደረግ አሳብ ላይ ይቆማል። ሦስተኛ፥ መካከለኛውን ከመውሰድ በፊት ሁለቱ ጫፎች የአንድ ነገር መሆናቸውን መመርመር ያስፈልጋል። አራተኛ፥ ግምት ሲጠቀስ መለኪያው፥ ወቅቱና ሁኔታው አብሮ መጠቀስ አለበት፤ የብሩስ የሰላም ጊዜ ከቍጥሩ ተለይቶ ሊጻፍ አይገባም።

ይህ ለታሪክ ብቻ አይደለም። በፀዳ በኩል የሚያልፈውን መኪና ቈጥሮ የአስፋልቱን ውፍረት የሚወስን መሐንዲስ፥ ለከተማው ስልክና ኢንተርኔት የመስመሩን ስፋት የሚመድብ ባለሙያ በዚሁ ጥያቄ ፊት ይቆማሉ። በዝቅተኛው ግምት የተሠራ መንገድ ቶሎ ይፈርሳል፤ በከፍተኛው የተሠራ ለሌላ ወረዳ ሊውል የሚችለውን ገንዘብ ይበላል። ወሰኑን አውቆ የሚወስን ሰው ግን የትኛውን ኪሳራ ለመቀበል እንደ መረጠ ያውቃል።

በመጨረሻ ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በዕረፍት ጊዜ ወደ ፀዳ፥ ወደ ይፋግ፥ ወደ ጭልጋና ወደ ሌላውም የቀድሞ የሲራራ መንገድ የሚሄድ ተማሪ ሽማግሌዎችን ሲጠይቅ «ስንት ያልፍ ነበር?» በማለት አይጀምር። ሲራራው በየትኛው ወር ይነሣ ነበር? በቅሎው ምን ያህል ጨው ይሸከም ነበር? ኬላውስ የት ላይ ነበር? በየት በኩል ዞረው ያልፉት ነበር? ብሎ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከተናጋሪው ዕድሜና ሥራ ጋር ይጻፍ። እነዚህ መልሶች በየአገሩ ሲሰበሰቡ፥ ቀደም ሲል በመንገደኞች መጻሕፍት ውስጥ የተጻፉት ቍጥሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሬው ሰው እውቀት ይመዘናሉ።